ምጽዋ ላይ ተጭኖ ስለ ቀረው አያትሽ፦ መጀመሪያ መንደሩን ፈልጊ

እህቴ፣ አያትሽ ደቀምሐረ ውስጥ ጋራዥ የነበረው ጣሊያናዊ መካኒክ እንደ ነበር፣ እንግሊዞች በ1935 ዓ.ም. ምጽዋ አውርደው በመርከብ እንደ ጫኑት፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው እንደ ጠፋና ቤተሰቡም «ባሕር በላው» ብሎ ነገሩን እንደ ዘጋው ጽፈሻል። የጠየቅሽው የመርከቡን ስምና የሟቾቹ ዝርዝር የሚገኝበትን ቦታ ነው። የእናቴ አባትም በዚያው ሰሞን በዚያው ወደብ የተጫነ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርና ያንቺ ጉዳይ የእኔም ጉዳይ ነው። እኛ ቤት የደረሰው ኪሣራ አንቺ ቤት እንዲደገም አልፈልግም።

1. መርከቧ። ዘመኑና ወደቡ እንዳልሽው ከሆነ የምትፈልጊያት ኖቫ ስኮሺያ ናት። በሰላሙ ጊዜ የእንግሊዝ የመንገደኛ መርከብ ነበረች፤ በጦርነቱ ወታደርና ምርኮኛ ማመላለሻ ሆነች። ከምጽዋ የጣሊያን ምርኮኞችንና ሲቪል እስረኞችን ጭና ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትጓዝ ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 28 ቀን 1942፣ ከናታል ጠረፍ ብዙም ሳትርቅ ዩ-177 የተባለ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ በቶርፒዶ መታት። በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። ከ1,000 በላይ ከሚሆኑት ተሳፋሪዎች 858 ያህሉ አለቁ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት ጣሊያኖች፣ ማለትም የጀርመን የገዛ ወገኖች ነበሩ።

የሰርጓጁ አዛዥ ይህን የተረዳው ሁለት ሰዎች ከውኃ አውጥቶ ከጠየቀ በኋላ ነው። ቢሆንም ሌሎቹን ሳያነሣ ሄደ፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነበርና። ከሁለት ወር በፊት ላኮኒያ የምትባል ሌላ መርከብ አትላንቲክ ላይ ስትመታ፣ የመታት ሰርጓጅ የተረፉትን ሲሰበስብ በአሜሪካ አውሮፕላን ቦምብ ተጣለበት፤ ከዚያ በኋላ የጀርመኑ አድሚራል ዴኒትስ ማንም ሰርጓጅ ሰው እንዳያነሣ አዘዘ። የእኛ አያቶች ውኃ ላይ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ደግሞም ኮምፒውተር ላይ ስትፈልጊ ላኮኒያ ደጋግማ ትመጣብሻለች፤ እለፊያት። እርሷ የያዘቻቸው ጣሊያኖች በሰሜን አፍሪካ ግንባር የተማረኩ እንጂ ከእኛ አገር የተጫኑ አይደሉም።

በማግስቱ አፎንሶ ደ አልቡከርክ የተባለች የፖርቱጋል የጦር መርከብ ከሎሬንሶ ማርከስ፣ ከዛሬው ማፑቶ፣ ደርሳ ወደ 190 የሚሆኑ ሰዎችን በሕይወት አነሣች። ከእነዚህ ውስጥ 130 ያህሉ ጣሊያኖች ናቸው። ስለዚህ መርከቧ ላይ መሳፈሩ ብቻ መሞቱን አያረጋግጥም።

2. መሳፈሩስ እርግጥ ነው? ይህን የምጠይቅሽ ልብሽን ለማቁሰል አይደለም። በእኛ ሰፈር አባቱ ያልተመለሰ ክልስ ልጅ ሁሉ «ባሕር በላው» እየተባለ ነው ያደገው። እንግሊዞች ግን የያዟቸውን ወንዶች ያጋዙት ወደ ብዙ አገር ነበር፤ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሮዴዢያ፣ ሕንድ። ሳቱርኒያና ቩልካኒያን የመሳሰሉት «ነጭ መርከቦች» የተባሉ የጣሊያን የመንገደኛ መርከቦች ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 እና በ1943 ሴቶችን፣ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና ሕመምተኞችን አፍሪካን ዞረው ጣሊያን በሰላም አድርሰዋል። ከካምፕ ወጥቶ፣ አገሩ ገብቶ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ የኖረ ሰው አለ። ለልጅ «ባሕር በላው» ማለት «ትቶን ቀረ» ከማለት ይቀል ነበር፤ እናቶቻችንን አልወቅስም።

እኛን ያስከፈለን ነገር እዚህ ላይ ነው። ስዊድን የሚኖረው አጎቴ ሮም ውስጥ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ለሚል ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፈለ። ሰውዬው የጠየቀን ስምና የአባት ስም ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ ማኅተም ያረፈበት የሞት ምስክር ወረቀት መጣ፤ ስሙ ያው፣ የቤተሰብ ስሙም ያው፣ የሞተው ግን ኬንያ ካምፕ ውስጥ በበሽታ ነው ይላል። እናቴ አለቀሰች። ፍትሐት ተደረገ፣ ተዝካር ተደገሰ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ አጽናናን። ወረቀቱ እኔ እጅ ሲገባ የልደት ዘመኑን አሰላሁ፤ ሟቹ እናቴን ሲወልድ ስልሳ ሊሞላው ነበር። አያቴ ያገባችው ጎልማሳ፣ ተራራውን በከባድ መኪና የሚወጣና የሚወርድ ሰው ነው እንጂ ሽማግሌ አልነበረም። የማናውቀውን የሰው አገር ሰው አልቅሰን ቀበርን። ለአስፈጻሚው ስልክ ሲደወልለት «ስሙ አንድ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ዘጋ።

በጣሊያን መዝገብ ሰው የሚለየው በትውልድ ከተማው፣ በልደት ቀኑና በአባቱ ስም ነው። በግዕዝ ፊደል የሰማነውን የቤተሰብ ስም በላቲን ስንጽፍ ደግሞ አንድ ፊደል ይደረብ አይደረብ አናውቅም፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ትገቢያለሽ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት የሴት አያትሽን ሣጥን ፈትሺ። የፎቶግራፉን ጀርባ እይ፤ ፎቶ ቤቱ ያስመታውን ማኅተም አትናቂ። እኛ ቤት መንደሩ የተገኘው ከአገሩ እናቱ የላከችለት ደብዳቤ ፖስታ ላይ ነው፤ ደብዳቤው ጠፍቶ ፖስታው የመርፌና ክር ማስቀመጫ ሆኖ ተርፎ ነበር።

3. ስለ ዘመን አቆጣጠርና ስለ ክፉ ጸሐፊ። «1935» ብለሽ ለፈረንጅ እንዳትጽፊ። አውሮፓ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የእናቴን የክርስትና ወረቀት ከነትርጉሙ ይዤ ቀረብኩ፤ ተርጓሚው ዓመቱን ሳይለውጠው ቀርቷል። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «በ1935 እንግሊዝና ጣሊያን አልተዋጉም» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። በ1935 ጣሊያን እኛን ስትወር እንደ ነበር፣ የእኛ 1935 ግን የእነሱ 1942 እና 1943 እንደሆነ ላስረዳ ስሞክር፣ ዝምድናዬን በፍርድ ቤት ውሳኔ አረጋግጬ እንድመጣ አዘዘችኝ። ከየት አመጣለሁ? በእነሱው አቆጣጠር በ1937 የወጣው የጣሊያን ድንጋጌ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር፤ በ1940 የወጣው ሕግ ደግሞ አባት ክልስ ልጁን በሕግ እንዳይቀበል ከለከለ። የእናቴ አባት በወረቀት ላይ የሌለው ስላልወደዳት አይደለም። እነሱ ራሳቸው የከለከሉትን ወረቀት መልሰው ከልጅ ልጅ ይጠይቃሉ!

ደግሞም ጥያቄዋ ከነጭራሹ አያስፈልግም ነበር። በጣሊያን የልደት መዝገብ 70 ዓመት ካለፈው ማንም ሰው ሙሉ ግልባጩን መጠየቅ ይችላል። አያትሽ ከመቶ ዓመት በፊት የተወለደ ሰው ነው፤ የልጅ ልጁ መሆንሽን ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለብሽም። ለትውልድ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሙሉ ግልባጭ ብለሽ፣ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ከተጻፈው ማስታወሻ ጋር ጠይቂ። ጠርዙ ላይ ጋብቻ ይመዘገባል። ከጦርነቱ በኋላ ያገባ ከሆነ፣ ባሕር አልበላውም ማለት ነው፤ ለዚያም ተዘጋጂ።

ከዚያ ቀጥሎ በአውራጃው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ፎሊዮ ማትሪኮላሬ የሚባለውን የወታደር መዝገቡን ጠይቂ። ሲቪል ነበር ብለሽ አትተዪው፤ ለውትድርና ተመርምሮ ያለፈ ወንድ ሁሉ እዚያ አለ። የእናቴን አባት ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ቁመቱ፣ የፀጉሩ ቀለም፣ ሙያው፣ የአባቱና የእናቱ ስም፣ በመጨረሻም በኖቬምበር 1942 በባሕር ላይ መጥፋቱ። ሰማንያ ዓመት ያለፋት እናቴ አባቷ ረጅም እንደ ነበር ከእኔ አፍ ሰማች። ይህን ያደረግነው ያለ አስፈጻሚ፣ ያለ ጠበቃ ነው፤ እኮራበታለሁ።

ጄኔቭ ያለው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ቤተ መዛግብትም የምርኮኞችና የሲቪል እስረኞች ካርድ አለው፤ ጥያቄ የሚቀበለው ግን በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ቁጥር ነው፤ ቅጹ ሲከፈት ሙሉ መረጃሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂው። የእንግሊዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን ዝርዝር ውስጥ አትድከሚ፤ እነሱ የሚይዙት የራሳቸውን ጠባቂዎችና የመርከቧን ሠራተኞች ነው። ናታል ጠረፍ ላይ ወጥተው ደርባን አካባቢ የተቀበሩ 120 ያህል አስከሬኖች አሉ።

ለማዘጋጃ ቤቱ ስትጽፊ በጣሊያንኛ ይሁን፤ አጭርና ጨዋ ይሁን፤ የትንንሾቹ ከተሞች ሠራተኞች ከትልልቆቹ ይልቅ ቅኖች ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የልደት ዓመቱን ካላወቅሽ የምትገምቺውን ከዓመት እስከ ዓመት ወስነሽ ንገሪያቸው። መልሱ ሲደርስሽ ጠርዙን ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ላኪው፤ የዚያን ዘመን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ለምጃለሁና አነብልሻለሁ።