ልጅ በሃይስኩል መሃል ወደ ሆምስኩል ሲዞር ኮሌጅ እንዴት ያመለክታል? ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩልን በመደበኛ ትምህርት ቤት ጀምረው ቀሪውን በቤት የሚጨርሱ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ እንዲሁም ራሳችሁ ተማሪዎች የጠየቃችሁት ከዚህ በታች ተመልሷል። አንድ ነገር አስቀድሞ ይያዝ፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሬጅስትራሩም (የትምህርት መዝገብ ያዡ) ካውንስለሩም (የተማሪ አማካሪው) ወላጅ ነው። ኮሌጁ ወረቀት የሚጠይቀው ወላጅን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው፣ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከምን ልጀምር?

እህቴ፣ ከሕጉ ይጀምሩ። በቨርጂኒያ ልጅዎን በቤት እንደሚያስተምሩ የሚገልጽ ማስታወቂያ፣ ከምትማራቸው ትምህርቶች ዝርዝር ጋር፣ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው ሱፐርኢንተንደንት (የትምህርት ቤቶች ኃላፊ) ይገባል። መሻሻሏን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም ግምገማ ደግሞ እስከ ቀጣዩ ኦገስት 1 ይላካል። ሌላ ስቴት ላላችሁ፦ ሜሪላንድ ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ማሳወቅን ይጠይቃል። በቴክሳስ ለስቴቱ የሚላክ ማስታወቂያ የለም፤ ልጁን ከትምህርት ቤቱ ማስወጣታችሁን ግን በጽሑፍ አሳውቁ። ዝም ብሎ መቅረት እንደ ያለፈቃድ መቅረት ይመዘገባል፣ መዘዙም ወላጅ ላይ ይመጣል።

ሴሚስተሩን ጨርሳ ትውጣ። መሃል ላይ ከወጣች የግማሽ ዓመቱ ክሬዲት ሊቀርባት ይችላል። ከመውጣቷ በፊት ደግሞ በደንብ ከሚያውቋት መምህራን ሁለቱን የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉላት ትጠይቅ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ኢሜይል ለማይመልስ መምህር ከመለመን ይሄ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሁለት ትምህርት ቤት ውጤት በአንድ ትራንስክሪፕት (የኮርስና የውጤት ዝርዝር) ላይ ይጻፋል?

አዎ፣ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ሁሉ በአንድ ገጽ ያስቀምጡ፣ እያንዳንዱ ኮርስ የት እንደተወሰደም በአጠገቡ ይጻፍ። የቀድሞውን ትምህርት ቤት ውጤት አንድ ፊደል ሳይቀይሩ ይገልብጡ። እንዲያም ሆኖ ያ ትምህርት ቤት የራሱን ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ለየኮሌጁ መላክ አለበት፤ የእናንተ ወረቀት እሱን አይተካም። ማመልከቻው የማይሟላው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ሲዘነጋ ነው።

ለቤቱ ትምህርት 120 ሰዓት ያህል የተሠራበትን ኮርስ 1 ክሬዲት፣ የአንድ ሴሚስተሩን 0.5 ይቁጠሩ። ጂ ፒ ኤ (አማካይ ውጤት) ሲያሰሉ የእያንዳንዱን ውጤት ነጥብ በክሬዲቱ ያባዙ፣ ይደምሩ፣ ለጠቅላላ ክሬዲቱ ያካፍሉ። አምስት ባለ 1 ክሬዲት ኮርሶች ቢኖሩና ሦስቱ ኤ (4 ነጥብ)፣ ሁለቱ ቢ (3 ነጥብ) ቢሆኑ 12 ሲደመር 6 ነው፤ 18 ለ5 ሲካፈል 3.6 ይመጣል። የቀድሞው ትምህርት ቤት ለከባድ ኮርስ ኤ 5 ነጥብ የሚሰጥ ከሆነና የቤቱ በ4 ከተሰላ ሁለቱን አትደባልቁ፤ አማካዩ ትርጉም ያጣል። ሁሉንም በ4.0 አስልቶ ይህንኑ ከታች መጻፍ ንጹሕ ነው።

ኤ ፒ (በሃይስኩል የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) የሚለውን ስም የምትጠቀሙት የኮርሱ ዝርዝር ኤ ፒን በሚያስተዳድረው በኮሌጅ ቦርድ ከጸደቀ ብቻ ነው። ካልጸደቀ የኮርሱን ስም በሌላ መልክ ጻፉና ልጁ ፈተናውን ብቻ ይውሰድ።

በመጨረሻም የመመረቂያ ቀንና የወላጅ ፊርማ ይኑርበት። አንዳንድ ኮሌጅ በኖተሪ የተረጋገጠ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ኮመን አፕ ላይ ካውንስለር ማነው? እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ እፈራለሁ።

እናቴ፣ ኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ላይ ካውንስለሩ እርስዎ ነዎት። ልጅዎ መጀመሪያ የፈርፓን (የተማሪ መዝገብ ምስጢርን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ) ፈቃድ ይሞላል፣ ቀጥሎ እርስዎን በካውንስለርነት ይጋብዛል። ግብዣው ልጁ አካውንት በከፈተበት ኢሜይል መምጣት የለበትም፤ የራስዎ ኢሜይል ይሁን። የሚልኩት የትምህርት ቤት ሪፖርት፣ ትራንስክሪፕት፣ የካውንስለር ደብዳቤና የትምህርት ቤት መግለጫ ነው። በኋላም የግማሽ ዓመትና የመጨረሻ ሪፖርት ይከተላል።

መግለጫው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ለምን ወደ ቤት እንደዞራችሁ፣ ማን ምን እንዳስተማረ፣ ውጤት በምን እንደተሰጠ። ከሱ ጋር የየኮርሱ መግለጫ በአራት በአምስት መስመር ይያያዝ፤ ዋናው መጽሐፍ፣ ሰዓቱ፣ ፈተናና ጽሑፍ ምን ያህል እንደተቆጠሩ። ይሄን ኮርሱ ባለቀበት ሳምንት ይጻፉት። ሁለት ዓመት ቆይቶ የመጽሐፉን እትም ማስታወስ ከባድ ነው።

ስለ ቋንቋው አይፍሩ። ሰዋስዉን የሚያርም ሰው ይፈልጉ፤ ደብዳቤውን ግን ልጁ ራሱ አይጻፈው። አንባቢው የሚፈልገው እናት ብቻ የምታውቀውን ተጨባጭ ነገር ነው። ምስጋና ብቻ የሞላበት ደብዳቤ አይጠቅመውም። የመምህራን ደብዳቤ ግን ከቤተሰብ ውጪ ካለ ሰው ይምጣ።

ጥያቄ፦ የወጣሁት በጭንቀት ምክንያት ነው። መናገር አለብኝ?

ልጄ፣ ሕመምህን የመዘርዘር ግዴታ የለብህም። ኮመን አፕ ግን ትምህርት ቤት ከቀየርክ ማብራሪያ የምትጽፍበት ቦታ ይሰጥሃል፣ ባዶ አትተወው። ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፤ ሁለቱ ከወጣህ በኋላ ስለተማርከው ይሁኑ። ዋናውን ድርሰትህን ለሌላ ነገር አቆየው።

ጥያቄ፦ ኤስ ኤ ቲ ግዴታ ነው?

ኤስ ኤ ቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ነው፤ ግዴታነቱ እንደ ኮሌጁ ነው። ኤም አይ ቲ ይጠይቃል፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች (ዩ ሲ) ለቅበላ ጭራሽ አያዩትም። ብዙዎቹ በምርጫ ትተውታል። እኔ ግን ለሆምስኩል ተማሪ ውሰዱ እላለሁ፤ ወላጅ የሰጠውን ኤ የሚደግፍ የውጭ ሚዛን ያስፈልጋል። ሲመዘገቡ የሆምስኩል ኮዱ ለኤስ ኤ ቲ 970000፣ ለኤ ሲ ቲ (ሌላው የመግቢያ ፈተና) 969999 ነው። የቀድሞውን ትምህርት ቤት ኮድ ካስገባችሁ ውጤቱ ወደዚያው ይሄዳል። የኤ ፒ ፈተና የሚሰጠው ሜይ ላይ ነው፤ ልጁን ለፈተናው የሚቀበል ትምህርት ቤት ግን በሴፕቴምበር ፈልጉ፣ ፈተናው የሚታዘዘው በበልግ ነውና።

ጥያቄ፦ ለፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ጂ ኢ ዲ (የሃይስኩል አቻ ፈተና) ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። የስቴቱን የሆምስኩል ሕግ ተከትሎ የጨረሰ ተማሪ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው። ፋፍሳው ላይ ሆምስኩል የሚለውን ምረጡ። የስቴት ስኮላርሺፕ ግን የየራሱ ደንብ አለው፤ ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፣ ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ይቀረዋል፤ ልውጣ ይላል።

ወንድሜ፣ አስገዳጅ ነገር ከሌለ ያቆዩት። ከወጣ የትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ ይቀርበታል። ልመለስ ቢል ደግሞ ትምህርት ቤቱ በቤት የተሠራውን ክሬዲት የመቀበል ግዴታ የሌለበት ስቴት ብዙ ነው። ማመልከቻ ከላከ በኋላ ከወጣም ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ወዲያው መጻፍ አለበት። መጨረሻ ላይ በትራንስክሪፕት ሲደርሱበት የተሰጠ ቅበላ ሊነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልማር?

ተማሪ! አንድ የጽሑፍ ኮርስና አንድ ላብ ያለው ሳይንስ ብትወስጂ ማመልከቻሽ በጣም ይጠነክራል፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ፕሮፌሰርም ታገኛለሽ። ውጤቱ ግን ዕድሜ ልክ ይከተልሻል፣ ስለዚህ በአንድ ሴሚስተር አራት አትጀምሪ። የሃይስኩል መመረቂያሽ ቀን ከነዚህ ኮርሶች በኋላ መሆኑን እናትሽ ትራንስክሪፕቱ ላይ ታረጋግጥ። ቀድሞ ከተጻፈ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ እንደ ትራንስፈር (ከሌላ ኮሌጅ የተዛወረ) ተማሪ ይቆጥርሻል፣ ለአዲስ ገቢ የተመደበው ስኮላርሺፕም ያመልጥሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ በእግር ኳስ ዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) መግባት ይፈልጋል።

የኤን ሲ ኤ ኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) መዝገብ ከኮሌጁ ቅበላ የተለየ ነው። 16 ዋና ኮርሶች ይፈለጋሉ፤ 10ሩ ከ12ኛ ክፍል በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከነዚህም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይሁኑ። በቤት ለተሠራው ለእያንዳንዱ ዋና ኮርስ የተለየ ቅጽ ይሞላል። ቅጹን 11ኛ ክፍል ሳያልቅ ጀምሩት።