ሰርጀሪ ለምትማሩ ልጆች፦ ስለ ስፔሻሊቲና ስለሚያኮርፍ አንጀት

ልጆች ሰላም ነው? እዚ ሀዋሳ ኢንተርን ሆናችሁም ሬዚደንት ሆናችሁም ስታገኙኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፣ "ዶክተር፣ ጀነራል ሰርጀሪ ብቻ ይዘን ብንቀር ያዋጣል ወይስ የግድ ሰብስፔሻሊቲ፣ ማለት በአንድ ዘርፍ ብቻ ተጨማሪ ትምህርት፣ እንግባ?" ነው የምትሉኝ። እኔ ጀነራል ሰርጅን ሆኜ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ለራሴ ላደላ እችላለሁ፣ ቢሆንም ነገሩን በአንጀት ላሳያችሁ።

ትልቁ አንጀት ተቆርጦ ሲቀጠል መላው አንጀት ያኮርፋል፣ ማለት ለጊዜው መንቀሳቀሱን ያቆማል። ትንሹ አንጀት ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታረቃል፣ ጨጓራ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ ትልቁ ግን 2 ወይ 3 ቀን አንዳንዴም ከዛ በላይ ይቆያል። የሚረዝመው በምክንያት ነው፤ አንጀቱ ብዙ ሲነካካና ሲጎተት ይቆጣል፣ ሞርፊንና ፔቲዲን የሚባሉት የህመም ማስታገሻዎች እንቅስቃሴውን ይይዙታል፣ ፈሳሽ ሲበዛ ግድግዳው ያብጣል፣ ፖታሺየም ሲወርድም ያው ነው።

እና ኮሎሬክታል (የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ሰርጀሪ) የተማረው ሰው ምኑ ይለያል? አንደኛ እጁ። ያንኑ ስራ ደጋግሞ ስለሚሰራ አንጀቱን ብዙ አያምሰውም፣ ላፓራስኮፒም (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እያዩ የሚሰራው ኦፕሬሽን) የሚሰራው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፣ በላፓራስኮፒ የተሰራ ደግሞ አንጀቱ ቶሎ ይመለሳል። ሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰር ላይማ ብዙ የሚሰራ ስፔሻሊስት ጋር የደረሰ በሽተኛ ዕድሜ ልኩን በሆዱ በኩል በከረጢት የመጸዳዳት ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚ መማር የምትችሉ ተማሩ።

ግን ስታወዳድሩ ተጠንቀቁ። ስፔሻሊስቱ ጋር የሚመጣው ባብዛኛው ቀጠሮ ይዞ ተዘጋጅቶ ነው፣ ለተረኛው ሰርጅን ግን ሌሊት አንጀቱ ተጠምዝዞ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ቤት ውስጥ ቀናት ቆይቶ የመጣው ይደርሰዋል፣ ከዛ የዚህኛው በሽተኛ አንጀት ዘገየ ብሎ ሰርጅኑን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ሄንሪክ ኬህሌት የሚባል ዴንማርካዊ ሰርጅን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው ስራ አለ፣ ሲግሞይድ (ከሬክተም በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል) የተቆረጠላቸውን ሰዎች፣ ያውም ሆድ ተከፍቶ እንጂ በላፓራስኮፒ ሳይሆን፣ አብዛኞቹን በ2 ቀን ቤታቸው ሰደዳቸው። አዲስ መሳሪያ አምጥቶ አይደለም። በኤፒዱራል (በጀርባ በኩል በሚሰጥ ማደንዘዣ) ህመሙን ያዘ፣ ቶሎ አበላቸው፣ ቶሎ ከአልጋ አስነሳቸው። ይሄ ዋርድ ውስጥ የሚሰራ ስራ ነው እኮ፣ ኢንተርንም ነርስም አስታማሚም የሚሰሩት! ለኔ ከስፔሻሊስቱ ጥቅም ትልቁ ክፍል ያለው እዚ ነው፣ እሱ ያለበት ክፍል ይሄን አሰራር ይዞ ይቆያል፣ ሌላው ጋ ግን ኦርደሩ (የሕክምና ትዕዛዙ) ከድሮ እየተገለበጠ ይጻፋል።

እስቲ እዩት፣ ቤተሰብ የቡላ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ እኛ "ጋዝ እስኪወጣ ምንም እንዳይቀምሱ" ብለን እንመልሳለን፣ በቀጠሮ ተሰርቶ ለማያስመልሰውና ሆዱ ላልተነፋ ሰው ይሄ ክልከላ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባውን ቱቦም ለሁሉም ሰው በልማድ እንደገባ አናቆየውም። ህመሙ በፓራሲታሞልና በመሳሰሉት ከተያዘ ሞርፊኑን ቀንሱት። ማስቲካ ማኘክም ትንሽ ይረዳል ይባላል፣ እኔ ተአምር አልጠብቅበትም ግን ርካሽ ነው። ደግሞ እናቶችን ልጆቻቸው ፊት ጮክ ብላችሁ "ጋዝ ወጣ?" አትበሉ፣ አፍረው የለም ይሏችኋል፣ እናንተም ኤን ፒ ኦ (በአፍ ምንም አይውሰድ) ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ዝግ ባለ ድምፅ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ኩርፊያ ነው ብላችሁ እንዳታልፉ፦ በ4ኛው በ5ኛው ቀን ሆዱ እየተነፋ የልብ ምቱ ከፈጠነ፣ ትኩሳት ባይኖርም፣ የተቀጠለው አንጀት ማፍሰሱን ጠርጥሩ፤ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን ሲኒየሩን ቀስቅሱት፣ ቢቆጣችሁም ቀስቅሱት።