ለአስታማሚዎች፦ የጥያቄዎቻችሁ መልስ

«እናቴ በስትሮክ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካለ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። በየሁለት ሰዓቱ ሳገላብጣት ወገቤ አለቀ፤ እንቅልፍም የለኝም።» (ከቱሉ ዲምቱ)

ወገብሽን የሚጎዳው ከክብደታቸው ይልቅ አነሳስሽ ነው። በብብት ይዞ መጎተት አንቺን ከመጉዳቱም በላይ የደከመ ትከሻቸውን ከመጋጠሚያው ሊያላቅቀው ይችላል። አንሶላ አጥፈሽ ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው አንጥፊ፤ ሁለት ሆናችሁ ጠርዙን በግራና በቀኝ ጠቅልላችሁ በመያዝ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሸራትቷቸው። ብቻሽን ከሆንሽ አንድ ጉልበትሽን አልጋው ላይ አድርጊ።

በጎን ስታስተኚያቸው ሙሉ በሙሉ አታዙሪያቸው። ከጀርባቸው ትራስ ወትፈሽ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበሉ፤ ሌላ ትራስ ከባታቸው ስር ሲገባ ተረከዛቸው ፍራሹን አይነካም። ወገባቸው ግርጌና ተረከዛቸው ላይ ቆዳው ቀልቶ ወይም ጠቁሮ በጣት ሲጫኑት ካልነጣ፣ ወይም ከሞቀና ከጠጠረ፣ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው። በቅባት ማሸት ቁስሉን ያባብሰዋል፤ በዚያ ጎን አይተኙ። ቆዳቸው ጤነኛ፣ ፍራሹም ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ከሆነ፣ የሌሊቱን ልዩነት ወደ 3 ወይም 4 ሰዓት ስለማራዘም የሚከታተላቸውን ነርስ ጠይቂ። ያ እንቅልፍ ያስፈልግሻል።

«አባታችን ውሃ ሲጠጡ ያስላቸዋል፤ አጥሚት ግን ይወርድላቸዋል።» (ከየካ አባዶ)

ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚወርድ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይመጣል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ይውሰዱ፤ ከዋጡ በኋላ ቀጣዩን ስጧቸው። ከተመገቡ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ። ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ጊዜ ሳትሰጡ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

«ወንድሞቼ ከተማ ናቸው። ‹እግዜር ይስጥሽ› ብለው ይሄዳሉ። ውሃ እንኳ በጀሪካን አራተኛ ፎቅ የማወጣው እኔው ነኝ።» (ከኮዬ ፈጬ)

«አግዙኝ» የሚለው ልመና ማንንም በስሙ አይጠራም። ሰዓትና ሥራ ለይተሽ ስጪ፦ «እሁድ ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት አንተ ትቀመጣለህ፤ የዳይፐሩን ወጪ አንተ ትችላለህ።» ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤትም አንድ ጀሪካን ይዞ ቢወጣ ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም።

«በሽተኛዋ ላይ እየተቆጣሁ ነው። ኃጢአት አይሆንብኝም?» (ከለገጣፎ)

የአስታማሚን ጫና ለመለካት የሚያገለግለው የዛሪት መጠይቅ 22 ጥያቄዎች አሉት፤ ቁጣም ከመካከላቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ቁጣዎ የድካም ምልክት ነው፤ ሲመጣ አልጋው አስተማማኝ መሆኑን አይተው ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ይውጡ። እንቅልፍና ምግብ ከጠፋብዎ፣ ተስፋ መቁረጡም ለሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ እንደ ታማሚ በራስዎ ስም ካርድ አውጥተው ጤና ጣቢያ ይታዩ። ራስዎን ወይም እሳቸውን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ያኔውኑ፣ ሰው አስከትለው ይሂዱ።