መጀመሪያ 12ቱን ቃላት ከስልክሽ አውጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ በአንድ መስመር መልሼ ማለፍ አልቻልኩም። ውጭ ላሉ ደንበኞች ዲዛይን እየሠራሽ ክፍያሽን በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር በታሰረ ክሪፕቶ) ትቀበያለሽ፣ ያጠራቀምሽው ትረስት ዋሌት የሚባል የስልክ የክሪፕቶ ቦርሳ ላይ ነው፣ የጓደኛሽ ዋሌት ደግሞ በአንድ ሌሊት ባዶ ሆኖ አደረ። «ሃክ ተደርጎ ነው? እኔስ ወደ ባይናንስ (ክሪፕቶ ማገበያያው ኩባንያ) ባዞረው ይሻለኛል?» ነው ያልሽው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ሞባይል ጥገና ነው የምሠራው። ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እኛ ስለሆነ፣ የማየውን ልንገርሽ።

ብሎክቼኑን፣ ማለትም ዝውውሩ ሁሉ የሚመዘገብበትን መዝገብ፣ የሰበረ ሰው የለም። እኔ ጋ ከመጡት አብዛኞቹ ላይ የደረሰው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ 12ቱ ቃላት በሆነ መንገድ ሌላ ሰው እጅ ገብተዋል። ዋሌት ስትከፍቺ የተሰጡሽ እነዚያ 12 የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው የገንዘቡ ባለቤት የሚያደርጉሽ። የአፑ ፓስወርድ የሚቆልፈው በዚያ ስልክ ላይ ያለውን አፕ ብቻ ነው። ቃላቱን ያገኘ ሰው የትም ሆኖ በራሱ ስልክ ዋሌትሽን ከፍቶ፣ አንቺ ተኝተሽ፣ ሙልጭ አድርጎ ይልከዋል። ከተላከ በኋላ ደውለሽ «አግዱልኝ» የምትይው ባንክ የለም።

እና ሰው እነዚህን ቃላት የት ያስቀምጣል? ጋለሪ ውስጥ። ስክሪን ቀይረን ካሜራው መሥራቱን ለማየት ፎቶ አንስተን ጋለሪውን ስንከፍት፣ ከሠርግ ፎቶና ከመታወቂያ ኮፒ መሀል የሲድ ፍሬዙ (የ12ቱ ቃላት) ስክሪንሹት ቁጭ ብሎ አያለሁ። እኔ ባለቤቱን ለብቻው ጠርቼ እነግረዋለሁ። ሁሉም ጠጋኝ እንደዚያ ያደርጋል ብለሽ ግን አትመኚ። የስልክሽን ፓተርን ነግረሽን ጠዋት ሰጥተሽን ማታ ነው የምትወስጂው፤ በመሀል ማን እንደነካው አታውቂም።

ሰው ባያየው እንኳን አፕ ያየዋል። የሳይበር ደህንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ በ2025 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስፓርክካት የሚባል ቫይረስ ማግኘቱን አሳውቆ ነበር። ሥራው ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ እያነበበ ጋለሪ ውስጥ የዋሌት ቃላት መፈለግ ነው። የተገኘውም ጎግል ፕሌይና አፕል አፕ ስቶር ላይ በነበሩ አፖች ውስጥ ጭምር ነው፤ ከጎግል ፕሌይ ብቻ ከ242,000 ጊዜ በላይ ወርደዋል። ስለዚህ «ከፕሌይ ስቶር ውጪ አልጭንም» ማለት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም።

ስክሪንሹት አንስተሽ ከሆነ አሁን ማጥፋቱ ብቻ ዋጋ የለውም። ጎግል ፎቶ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ልከሽውም ይሆናል። አዲስ ዋሌት ክፈቺ፣ አዲሶቹን ቃላት በእጅሽ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ከዚያ ትንሽ ላኪና መድረሱን አይተሽ የቀረውን አዙሪ። ወረቀቱ ሁለት ይሁን፤ አንዱ አንቺ ጋ፣ ሌላው እናትሽ ቤት ወይም እንደ ራስሽ የምታምኚው ሰው ጋ። ኪራይ ቤት ከሆንሽ ቤት ስትቀይሪ የሚጠፋው እንደዚህ ያለ ወረቀት ነው፣ አደራ። ብረት ላይ የሚያስቀርጹም አሉ፤ እሳትም ውሃም አይጎዳውም፣ ግን ለቀራጭ ሰጥተሽ እንዳታስጽፊ።

ቴሌግራምን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፣ እኛ ሀገር ብዙው ጉዳት የሚመጣው በዚያ ነውና። በ2024 ሐምስተር ኮምባት የሚባለው፣ ስክሪን እየነካኩ ክሪፕቶ ይገኝበታል የተባለ የቴሌግራም ጨዋታ ሲመጣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰው ስልኩን ሲነካካ ነበር የሚውለው። ከሱ ጋር ተያይዞ «ኤርድሮፕሽን (በነጻ የሚታደል ክሪፕቶ) ለመቀበል ዋሌትሽን አገናኚ» የሚሉ የውሸት ቦቶች ፈሉ፣ አሁንም አሉ። አንዳንዱ 12ቱን ቃላት በቀጥታ ይጠይቃል። አንዳንዱ ቃላቱን አይጠይቅም፤ አንድ ነገር አጽድቂ ይልሻል፣ ያጸደቅሽው ግን «ከዋሌቴ የፈለግከውን ያህል ውሰድ» የሚል ፈቃድ ሆኖ ይገኛል። ግሩፕ ላይ ችግርሽን ስትጽፊ በውስጥ መስመር «ሰፖርት ነኝ» ብሎ የሚመጣው ሁሉ ሌባ ነው። ሁሉም። እውነተኛ ሰፖርት ቀድሞ አይጽፍልሽም፣ ቃላቱንም አይጠይቅሽም።

ሌላው ወጥመድ ደግሞ፣ የማታውቂው ሰው የዋህ መስሎ የራሱን 12 ቃላት ይለጥፋል፤ «ዩኤስዲቲ አለኝ፣ እንዴት ነው የማወጣው?» ይላል። ትከፍቺዋለሽ፣ እውነትም ገንዘብ አለ። ለማውጣት ግን ለዝውውር ክፍያ የሚሆን ትሮን የሚባል ሌላ ክሪፕቶ ያስፈልጋል። ትሮኑን ስትልኪ ወዲያው ይወሰዳል፣ ዩኤስዲቲው ደግሞ በሌላ ቁልፍ ስለታሰረ ንቅንቅ አይልም። በዚህ የተበሉ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ።

የዋሌት አድራሻ (ገንዘብ የሚላክበትን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር) ስትገለብጪ ተጠንቀቂ። ከዚህ በፊት የላክሽበትን አድራሻ የሚመስል፣ መጀመሪያና መጨረሻው አንድ የሆነ አድራሻ ሠርተው ሳንቲም ይልኩልሽና ታሪክሽ ውስጥ ይገባል። አንቺ በሌላ ቀን ከታሪክ ላይ ኮፒ ታደርጊያለሽ፣ ገንዘቡ ወደነሱ። በሜይ 2024 አንድ ሰው በዚህ መንገድ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ራፕድ ቢትኮይን (ዋጋው ከቢትኮይን ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) ልኮላቸዋል፤ እሱ በድርድር አብዛኛው ተመልሶለታል፣ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ መሀሉንም አንብቢ።

ርካሽ ነው ብለሽ ኮፒ ስልክ አትግዢ። በ2025 ትሪያዳ የሚባለው ቫይረስ በሐሰተኛ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ገና ሳይሸጡ ተጭኖ ተገኝቷል፤ የዋሌት አድራሻውን ራሱ ይቀይራል። እንዲህ ያለውን ፋብሪካ ሪሴት አያጠፋውም። ይህን እንደ ጠጋኝ ነው የምነግርሽ።

ወደ ባይናንሱ ጥያቄ ልምጣ። ኤክስቼንጅ (እንደ ባይናንስ ያለ ማገበያያ) ላይ ያለ ገንዘብ ቁልፉ እነሱ ጋ ነው። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ኤክስቼንጅ በኖቬምበር 2022 ሲወድቅ ደንበኞች ገንዘባቸውን ማውጣት አቅቷቸው ለዓመታት ጠብቀዋል። ሌላው ኤክስቼንጅ ባይቢት በፌብሩዋሪ 2025 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኤተር የሚባል ክሪፕቶ ተሰርቆበታል፣ ኤፍቢአይም ሰሜን ኮሪያን ነው ተጠያቂ ያደረገው። ዝውውሩን የሚያጸድቁት የባይቢት ፈራሚዎች ስክሪኑ ላይ ያዩት ትክክለኛ ዝውውር ነበር፤ የፈረሙት ግን ሌላ ነው። ባይቢት የደንበኞቹን ሸፍኗል፣ ሁሉም ግን እንዲህ አይችልም። በኔ አስተያየት የወሩን የምታንቀሳቅሺውን እዚያ አድርጊ፣ የቁጠባሽን በራስሽ ዋሌት ያዢ። ኤክስቼንጁ ላይ በኤስኤምኤስ ፈንታ ኦተንቲኬተር (የመግቢያ ኮድ የሚያወጣ አፕ) ተጠቀሚ፣ ገንዘብ የምታወጪባቸውን አድራሻዎች አስቀድመሽ መዝግቢ፣ የጂሜይልሽን ፓስወርድ ሌላ ቦታ አትድገሚው።

ቁጠባሽ ከፍ ካለ ሌጀር ወይም ትሬዞር (ቁልፉን ከስልክ ውጪ የሚይዙ ትንንሽ መሣሪያዎች) ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጪ። ከራሱ ከኩባንያው የተገዛ ይሁን። ቃላቱ ተጽፈው ከመጡ አትንኪው፣ አስቀድሞ የጻፈው ሰው ቅጂውን ይዟል ማለት ነው። አቅም ከሌለሽ ደህና አሮጌ ስልክ ሪሴት አድርጊና ቴሌግራምም ጌምም ሳትጭኚበት ለዋሌት ብቻ ተጠቀሚበት።

ሕጉንም ልንገርሽ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አሳውቋል። በፒቱፒ (ከሰው ለሰው በቀጥታ ስትሸጪ) የሐሰት ደረሰኝ ተልኮልሽ ዩኤስዲቲሽን ብትለቂ፣ ወይም ከተሰረቀ አካውንት ብር ገብቶልሽ አካውንትሽ ቢታገድ፣ የምትቆሚበት መሬት ጠባብ ነው። ይህን አውቀሽ ወስኚ።

ስልክሽን ስታዲየም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቢነጥቁሽ ቤት ደርሰሽ ወረቀቱን ፈልጊ፣ በሌላ ስልክ ዋሌቱን ክፈቺ፣ ገንዘቡን ወደ አዲስ ዋሌት አውጪ። ሲም ማዘጋት ከዚያ ጎን ለጎን ይሁን፤ ስልኩ ክፍት ሆኖ ከሄደ ሌባው የሚቀድምሽ በደቂቃ ነው።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ «መቶ ዶላር ላክልኝና አስመልስልሃለሁ» የሚል ሰው አግኝቷል ብለሽ ጽፈሻል። እንዳይከፍል ዛሬውኑ ደውይለት። ገንዘቡ የት አድራሻ እንደገባ ማየት ይቻላል፣ ማስመለስ የሚችል ግን ማንም ግለሰብ የለም። የተወሰደው ዩኤስዲቲ ኤክስቼንጅ አድራሻ ላይ ካረፈ፣ የዝውውሩን መለያ ቁጥር ይዞ በኤክስቼንጁ ትክክለኛ ድረ ገጽ በኩል ወዲያው ያመልክት፤ አንዳንዴ ያግዳሉ። በዚያ ዋሌት ላይ ደግሞ የቀረ ነገር ካለ ያውጣ፣ ዳግመኛም ገንዘብ እንዳይቀበልበት።