ያለ ግሉተንና ያለ አለርጂ ቀስቃሾች መጋገር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው፣ ሊጥን የሚያያይዘው ፕሮቲን) የሌለው ዳቦ ስጋግር ላዩ አምሮ ይወጣል፤ ስቆርጠው ግን መሃሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። ጊዜ ብጨምርም ያው ነው።

መልስ፦ የቅርፊቱ ቀለም አያስተማምንም። የምግብ ቴርሞሜትር መሃሉ ላይ ሲሰኩ ከ96 እስከ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካሳየ በስሏል። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ በፎይል ሸፍነው ይቀጥሉ። ከዚያ ከቅርጹ አውጥተው የሽቦ መደርደሪያ ላይ ቢያንስ 2 ሰዓት ያቀዝቅዙት። ስታርቹ የሚጸናው ሲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ በትኩሱ የተቆረጠ ዳቦ በደንብ የበሰለም ቢሆን ያልበሰለ ይመስላል። መሃሉ የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ሊጡ ከልክ በላይ ኩፍ ብሏል። ይህ ሊጥ ኩፍ የሚለው አንዴ ብቻ ነው፤ በግማሽ ያህል ሲጨምር ወደ ምድጃ ይግባ። እጥፍ እስኪሆን ከተጠበቀ አየሩን አፍኖ የሚይዝ የግሉተን መረብ ስለሌለው ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የስንዴውን ዱቄት በእኩል ኩባያ የሩዝ ዱቄት ተካሁትና ኬኩ ደርቆ ተፈረካከሰ። ምን ልጨምርበት?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ኩባያውን ይተዉትና ሚዛን ይጠቀሙ። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት 120 ግራም ገደማ ነው፤ የሩዝ ዱቄት ግን እንደ አፈጫጨቱ ከ140 እስከ 160 ግራም ይመዝናል። ሳያውቁት ዱቄቱን አብዝተውታል።

ሁለተኛ፣ የሩዝ ዱቄት ብቻውን አይችለውም። 300 ግራም የሩዝ፣ 300 ግራም የማሽላ ዱቄትና 400 ግራም ስታርች (የካሳቫ፣ የድንች ወይም የበቆሎ) ቢቀላቅሉ ለብዙ ነገር የሚሆን ምጥን ያገኛሉ። ለኬክና ለብስኩት በ120 ግራም ምጥን ሩብ የሻይ ማንኪያ ዛንታን ገም (ሊጥ የሚያያይዝ ዱቄት) ይበቃል፤ ሲበዛ ኬኩ ጎማ ጎማ ይላል። አሸዋማነት ከተሰማዎት ውሁዱን ከመጋገርዎ በፊት 30 ደቂቃ ያሳርፉት፤ የሩዝ ዱቄት ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው።

ለዳቦ የምመርጠው የሲሊየም ገለባ (ሲሊየም የተባለ ተክል ዘር ልባስ) ነው። ለ400 ግራም ምጥን 20 ግራም ገለባ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ በትነው ወዲያው ያማስሉት። 5 ደቂቃ ሳይሞላ ዝልግልግ ይሆናል፤ የግሉተንን ሥራ የሚሠራው ያ ነው። ሊጡ ከስንዴ ሊጥ ይልቅ ልልና የሚጣበቅ ስለሆነ እጅዎን ውሃ ነክረው ቅርጽ ይስጡት እንጂ ዱቄት አይጨምሩበት። ብዙ ዳቦ ድንጋይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የእንቁላል አለርጂ አለበት። ተልባ በእርግጥ ይተካዋል?

መልስ፦ አሠራሩ እስከ 2 እንቁላል የሚጠይቅ ከሆነ አዎ። ለአንድ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ያቆዩት። አረፋ ለሚፈልግ ነገር የታሸገ ሽምብራ ውሃ ይሻላል፤ 3 የሾርባ ማንኪያው አንድ እንቁላል ይተካል፣ ሲመታም ይነፋል። አራትና ከዚያ በላይ እንቁላል የሚጠይቅ ኬክ ግን ቆሞ የሚቆየው በእንቁላሉ ስለሆነ ሌላ አሠራር ይፈልጉ። ግሉተኑም እንቁላሉም አብረው የሚቀሩ ከሆነ በብስኩትና በፓንኬክ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ለወተት አለርጂ «ላክቶስ የሌለው» ወተት ይሆናል?

መልስ፦ በፍጹም። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው የወተቱ ፕሮቲን ነው፤ ላክቶስ ስኳር ነው፣ እሱ ቢወጣም ፕሮቲኑ እዚያው አለ። 100 ግራም ቅቤን በ80 ግራም ዘይትና በ1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይተኩ።

ጥያቄ፦ በኦቾሎኒ ቅቤ ፋንታ የሱፍ አበባ ፍሬ ቅቤ ተጠቀምኩ። ብስኩቱ ሲቀዘቅዝ ውስጡ አረንጓዴ ሆነ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ይበላል። ፍሬው ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ነው አረንጓዴ የሚሆነው። ሶዳውን በግማሽ ይቀንሱ፣ ወይም 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ዕቃ ለስንዴ አለርጂም ይሆናል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። በኮዴክስ (ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎች) መስፈርት ስያሜው የሚሰጠው በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ግሉተን ለማይበልጥ ምግብ ነው፤ ግሉተኑ የወጣለት የስንዴ ስታርች ሊኖርበት ይችላል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ የግብጦ ዱቄትን ይጠንቀቅ፤ አንዳንድ ግሉተን አልባ ምጥኖች ውስጥ ይገባል፣ ፕሮቲኑም ከኦቾሎኒው ጋር ስለሚቀራረብ አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውም ላይስማማው ይችላል። ሶያ ሶስና ብቅል ያለበትን ሁሉ ዝርዝሩን ሳያነቡ አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ስንዴም የሚበሰልበት ቤት ነው። ዕቃውን ማጠብ ይበቃል?

መልስ፦ ለብረትና ለብርጭቆ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ወንፊት፣ ቶስተር፣ የእንጨት ማማሰያና የተቧጨረ መክተፊያ ግን ለብቻው ይያዝ፤ ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ የገባው አይወጣም። የስንዴ ዱቄት ሲነፋ ብናኙ አየር ላይ ስለሚቆይ ግሉተን አልባውን ቀድመው ሠርተው ይክደኑ። ስንዴ የተጠበሰበት ዘይትም አይደገም፤ ግሉተን በሙቀት አይጠፋም። የእጅ ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒ ፕሮቲን አያነሳም፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ጥያቄ፦ ሴሊያክ (ግሉተን ሲበላ አንጀትን የሚጎዳ በሽታ) እንዳለብኝ ጠርጥሬያለሁ። ግሉተኑን አሁኑኑ ላቁም?

መልስ፦ ከምርመራው በፊት አያቁሙ። የደምም ሆነ የአንጀት ናሙና ምርመራው የሚታመነው ግሉተን እየበሉ ሲደረግ ነው፤ ካቆሙ በሽታው እያለ ውጤቱ የለም ሊል ይችላል። አቁመው ከሆነም ቀጠሮው ላይ ለሐኪሙ ይንገሩ።