ካሜራው ከሰዓት በኋላ ብቻ ለምን ያስቸግራል?

ግሩፑ ላይ የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በሰዓት 36,000 ጠርሙስ የሚያልፍበት መስመር አላቸው። ክዳኑ ላይ ቴምብር ይለጠፋል። ቴምብሩ በአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ የሚታይ ድብቅ ምልክት አለው፤ ደግሞም ዳታ ማትሪክስ ኮድ (በትናንሽ ካሬዎች የተሠራ፣ በካሜራ የሚነበብ ኮድ) አለው። ቴምብሩን የሚፈትሸው ካሜራ ማታ ማታ ደህና ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ደህናውን ጠርሙስ ሪጀክት እያለ ይገፋል። ዕቃውን የሸጠላቸው ድርጅት በስልክ «የማለፊያ ነጥቡን (ካሜራው ጠርሙሱን ለማሳለፍ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ውጤት) ዝቅ አድርጉት» ብሏቸዋል። እናድርገው ወይ?

አታድርጉት። ቢያንስ መብራቱን ሳትፈትሹ አታድርጉት።

በመጠጥና በመድኃኒት ማሸጊያ መስመሮች ላይ እንዲህ ያሉ ካሜራዎችን ስተክልና ስጠግን ኖሬአለሁ። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሶፍትዌሩ ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ጋ ነው የሚገኘው። የእናንተ ደግሞ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ነው፤ ሶፍትዌር ሰዓት አይቆጥርም።

መጀመሪያ ይህን አድርጉ። የካሜራውን ፍላሽ አጥፉና ፎቶ እንዲያነሳ አድርጉት። ምስሉ ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። ቴምብሩ በግራጫም ቢሆን ከታየ የውጭ ብርሃን እየገባባችሁ ነው። ይህንኑ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንስታችሁ አስተያዩት። ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ካለ መልሱን ከወዲሁ የምገምት ይመስለኛል። ድብቁ ምልክት የሚያወጣው ብርሃን በጣም ደካማ ስለሆነ ትንሽ ፀሐይ ይበቃዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ካሜራውን በጥቁር ሣጥን መክበብ፣ ጠርሙሱ የሚገባበትንና የሚወጣበትን አፍ ማጥበብ፣ የሣጥኑን ውስጥ የማያብለጨልጭ ጥቁር መቀባት።

ሌንሱ ላይ ፊልተር መኖሩንም እዩ። የሞገድ ርዝመቱ 365 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ አልትራቫዮሌት መብራት ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ፊልተሩ ያንን ከልክሎ ምልክቱ የሚያበራበትን ቀለም ብቻ ማሳለፍ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ወረቀቱን ነው። ነጭ ሸሚዝ የጭፈራ ቤት መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ እንደሚያበራ ሁሉ ተራ ነጭ ወረቀትም ማንጫ ኬሚካል ስለሚገባበት በአልትራቫዮሌት ሥር ያበራል። የቴምብር ወረቀት ይህ ማንጫ ሳይገባበት የሚመረተው ለዚሁ ነው። ከቴምብሩ አጠገብ ያለው የጠርሙሱ የራሱ ሌብል ግን ተራ ወረቀት ከሆነ ምልክቱን ይውጠዋል።

የውጭ ብርሃን ካልሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ኤልኢዲ ሲሞቅ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ አዳራሹ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይግላል። ለመለየት ካሜራው ከሚያየው ቦታ ጥግ ላይ በአልትራቫዮሌት የሚያበራ ቁራጭ ለጥፉና የብሩህነቱን ቁጥር በየሰዓቱ መዝግቡ። ቁራጩም አብሮ ከደበዘዘ ጥፋቱ የመብራቱ ነው፣ ወይም መስታወቱ ላይ ያለው አቧራ ነው። ቁራጩ እንደነበረ ሆኖ ጠርሙሶቹ ብቻ ከደበዘዙ ወደ ቴምብሩ፣ ወደ ሙጫውና ክዳኑ ላይ ወደሚቀረው ውሃ ሂዱ። ቁራጩ ራሱ በጊዜ ብዛት ስለሚደበዝዝ ግን መቀየር አለበት።

ምስሉ ጨለመብን ብላችሁ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው ለፎቶ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) እንዳታረዝሙት። 36,000 በሰዓት ማለት 10 በሰከንድ ነው። በጠርሙስና በጠርሙስ መካከል 10 ሴንቲሜትር ካለ መስመሩ በሰከንድ 1 ሜትር ይሄዳል። ካሜራው ለ1 ሚሊ ሰከንድ ከተከፈተ ምስሉ 1 ሚሊ ሜትር ይሳባል፤ የኮዱ አንድ ሕዋስ (ትንሿ ካሬ) 0.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኮዱ ጠፋ ማለት ነው። በ100 ማይክሮ ሰከንድ ግን የሚሳበው 0.1 ብቻ ነው። ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር የፀሐዩም ድርሻ አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ፍላሹ አጭርና ኃይለኛ ይሁን። ለድብቁ ምልክትና ለኮዱ ደግሞ ሁለት የተለያየ ብርሃን፣ ሁለት ፎቶ። በአንድ ፎቶ ሁለቱንም ለማየት የሚደረገው ቁጠባ ሁለቱንም ያበላሻል።

አሁን ወደ ማለፊያ ነጥቡ። ካሜራው ከደህናው 0.5 በመቶ ቢጥል በሰዓት 180 ጠርሙስ ነው። ኦፕሬተሩ ይሰለቻል፣ እውነቱን ነው። ነጥቡን ዝቅ ስታደርጉ ጩኸቱ ይቆማል፤ ሁሉም ይደሰታል። ያለ ምልክት ያለፈ ጠርሙስ ግን አይጮህም። ስንት እንዳለፈ የምታውቁበት መንገድ ከሌላችሁ ነጥቡን መንካት በጨለማ መተኮስ ነው።

መንገዱ የፈተና ጠርሙስ ነው። ቴምብር የሌለው፣ ግማሹ የተቀደደ፣ የተንሻፈፈ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ድብቅ ምልክት የሌለው፣ ኮዱ የተፋቀ፣ ኮዱ የተደገመ አዘጋጁ። በየሺፍቱ መጀመሪያና ማንኛውም ነገር በተነካ ቁጥር አሳልፏቸው። ቁጥሩን ለማወቅ ለሚፈልግ አለቃ፦ 300 የተለያዩ ብልሹ ጠርሙሶች አልፈው አንድም ካላመለጠ፣ የሚያመልጠው ከ1 በመቶ በታች ነው ብላችሁ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር ትችላላችሁ። 0.1 በመቶ ለማለት 3,000 ያስፈልጋል። ያንኑ 10 ጠርሙስ 30 ጊዜ ማዞር 300 አይባልም። ሲደረግ አይቻለሁ።

ኮዱ «ተነበበ» ማለትም ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ዳታ ማትሪክስ የተበላሸውን ራሱ የሚያቃና ስለሆነ የሚሞት ኮድም በእናንተ ካሜራ ይነበባል፤ ሱቅ ላይ በስልክ ግን እምቢ ይላል። ናሙና እየወሰዳችሁ አይኤስኦ/አይኢሲ 15415 በሚባለው የኮድ ሕትመት ጥራት ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት በሚለካ መሣሪያ ደረጃውን እዩ፣ ከሲ (C) ደረጃ በታች አትውረዱ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የሪጀክት ሣጥኑ፣ ካሜራው የጣላቸው ጠርሙሶች የሚገቡበት፣ ነው። የካሜራው ዋና ሥራ ፎርጅድ መያዝ አይደለም፤ ቴምብሩ ከራሳችሁ መጋዘን ነው የመጣው። የሚያየው መኖሩን፣ ቦታውን፣ መነበቡንና አለመደገሙን ነው። ካሜራው ያለ ጥፋቱ የጣለው ጠርሙስ ላይ ያለው ቴምብር ግን እውነተኛ ነው። ያ ሣጥን ክፍት ከሆነ ለአጭበርባሪ እውነተኛ ቴምብር እያከማቻችሁለት ነው። ሣጥኑ ይቆለፍ። የወደቀው ኮድ ሁሉ ሲስተሙ ላይ ይሰረዝ። ከመጋዘን የወጣው ቴምብር ከተላከው፣ ከተሰረዘውና ከቀረው ድምር ጋር በየሺፍቱ ይመሳከር። ኦፕሬተሩ ከሣጥኑ አንስቶ በእጁ ወደ መስመሩ የሚመልስ ከሆነ ይህ ሒሳብ መቼም አይገጥምም።

ፍላሹ ጠፍቶ የተነሱትን ሁለት ፎቶዎችና የቁራጩን የአንድ ቀን ቁጥሮች እዚህ ለጥፉልን፣ አይተን እንነጋገራለን። ብቻ የድብቁን ምልክት ቅርጽ ሸፍናችሁ ለጥፉ፤ ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ አናውቅም።