ስለ ተራራ ሳይክል የምትጠይቁት ካለ ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ

ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ሳይክሌን ከብረት አጥሩ ጋር አስሬያታለሁ። ጠዋት እንጦጦ ወጥቼ ስለወረድኩ እግሬ ዛሬ ሌላ ሥራ የሚቀበል አይመስለኝም። በውስጥ መስመር «እንዴት ልጀምር?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ እዚሁ በአደባባይ ልመልስ። ሜካኒክ አይደለሁም፤ ግን በራሴ ሳይክል ላይ አበላሽቼ ያልጠገንኩት ዕቃ ጥቂት ነው።

ከፒያሳ፦ ልጅ ሆኜ ጃንሜዳ በሰዓት እየተከራየሁ ከነዳሁ ወዲህ ሳይክል ነክቼ አላውቅም። አሁን ብር አጠራቅሜያለሁ፣ ምን ልግዛ?

ገና ነህ፣ አትግዛ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት እሁድ ከሰው ተውሰህ ንዳ። እኔ የመጀመሪያዋን የገዛሁት በቀለሟ ተታልዬ ነው። ሻጩን ስም አልጠራም። በሦስተኛው ሳምንት ከመሪው ሥር ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰነጠቀ፤ በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ አሮጌ ብየዳ ወጣ። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዛ ገልብጠህ፣ ብረትና ብረት የሚገናኝበትን ቦታ ሁሉ በጣትህ ዳስስ። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ከሆነ ጠርጥር።

ብርህን በቅድሚያ ፍሬን ላይ አውል። የዘይት ዲስክ ፍሬን ካገኘህ በጣም ጥሩ፤ ካልሆነ በሽቦ የሚሳበው ዲስክም ያስኬዳል። ቀጥሎ ጎማ፣ ቀጥሎ ሄልሜት። የሳይክሉ ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ልኩን ለማወቅ እግርህን አንፈራጠህ ከላዩ ቁም፤ በብረቱና በሱሪህ መካከል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ጎማው 26 ኢንች ይሁን 27.5 ወይም 29 ብዙ አትጨነቅ። የዚያ ልክ ከመነዳሪ (አየር የሚሞላው የውስጥ ጎማ) መርካቶ መኖሩን ግን ሳትከፍል በፊት ጠይቅ።

ከሜክሲኮ፦ የኋላም አሞርዛተር ያለው ይሻላል አይደል?

ውድ ከሆነ አዎ። ርካሹ ግን ሽቅብ ስትወጣ ፔዳል በረገጥክ ቁጥር እንደ ፍራሽ ይረግባል፣ ይከብዳል፣ በዚያ ላይ መለዋወጫው የለም። ለጀማሪ የፊቱ ይበቃል።

ከካዛንቺስ፦ ሚዛኔን አላምነውም፣ መንገድ ላይ ደግሞ ለከፋው ያሳቅቀኛል። ሴት ሆኜ የት ልለማመድ?

እህቴ፣ ሚዛንን በፍጥነት ሳይሆን በዝግታ ነው የምትማሪው። ሜዳ ቦታ ፈልጊና ፔዳሎቹን እኩል አድርገሽ ከኮርቻው ተነሽ፤ ክርንሽን አጠፍ አድርጊ፣ ከዚያ ከእግረኛ ቀስ ብለሽ ንጂ። አስር እርምጃ ያህል እግርሽ መሬት ሳይነካ ከሄድሽ ለዚያን ቀን በቂ ነው። ዓይንሽ ጎማው ላይ ከሆነ ትወድቂያለሽ፣ ወደምትሄጅበት ከሆነ ትሄጃለሽ። እሁድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከኮሪደር ልማቱ ጋር የተሠሩት የሳይክል መስመሮች ለዚህ ይመቻሉ። ረፈድ ሲል እግረኛው፣ የሕፃን ጋሪውና ፎቶ የሚነሳው ሁሉ ስለሚገባባቸው ቶሎ ውጪ።

ለለከፋው መድኃኒት አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሦስት አራት ሆነው የሚወጡ እህቶች ሲያልፉ ግን አፍ ሲዘጋ አይቻለሁ። ብቻሽን አትጀምሪ።

ከስድስት ኪሎ፦ ልጄ፣ 56 ዓመቴ ነው። እንጦጦን በእግሬ እወጣዋለሁ፣ በሳይክል ግን ገና መቶ ሜትር ሳልሄድ ትንፋሼ ይቆማል።

ጋሼ፣ ጤናዎ ሳይሆን ማርሽዎ ሳይሆን አይቀርም። ግን ደረትዎን ቢወጋዎት ወይም ቢያዞርዎት ነገ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ባይወጋዎትም በዚህ ዕድሜ ሳይጀምሩ አንዴ መመርመሩ አይከፋም። መሃል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ይጠጋል። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባልዎት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ከሚገባው ሲሶ ያህል ያንሳል። በእግርዎ ሲወጡ ሳይታወቅዎት ያርፋሉ፤ ሳይክል ላይ ግን ካረፉ ይወድቃሉ።

ከፊት ትንሹን ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁን ያስገቡ፤ ይህንንም ዳገቱ ሳይጀምር ያድርጉት። መሃል ላይ እየረገጡ ሲቀይሩት ካቴናው ይንቋቋል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። አጠገብዎ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ለመጀመሪያው ወር የሽሮ ሜዳን ዳገት ይተዉት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ድረስ በመኪና ሄደው ለስለስ ያለው መንገድ ላይ ቢንሸራሸሩ ሞኝነት አይደለም።

ከአፍንጮ በር፦ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ እጄ ደነዘዘ፣ ፍሬኑም ሸተተ። ያለ ነገር ነው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዳገቱን ሁሉም ይፈራዋል፤ ሰው የሚጎዳው ግን ሲወርድ ነው።

ፍሬንህን ከላይ እስከ ታች ይዘህ ወርደሃል። እንደዚያ ሲያዝ ብረቱ ይግላል፣ የሚይዘው ሸራ ይሸታል፣ በመጨረሻ የምትፈልገው ጊዜ ላይ አይዝልህም። የተራራ ሳይክል የሚባለው ነገር በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ካሊፎርኒያ ማሪን ውስጥ ሲጀመር ልጆቹ በአሮጌ ሳይክል ነበር የሚወርዱት። ፍሬኑ ያለው የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ስለነበር ሙቀቱ ግራሱን አቅልጦ ያፈሰዋል፣ ከያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላም እንደገና መሙላት ነበረባቸው። በ1976 የጀመሩት ውድድር «ሪፓክ» የተባለውም ለዚህ ነው፣ እንደገና መሙላት ለማለት።

አንተ እንዲህ አድርግ፦ ከኩርባው በፊት ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ከዚያ ለቅቀህ ታጠፍ። ፍሬኑን በአንድ ጣት ብቻ ያዝ፣ ሌሎቹ መሪውን ይጨብጡ። የፊቱን አትፍራው፣ አብዛኛውን የሚያቆምህ እሱ ነው፤ ተረከዝህን ዝቅ፣ ወገብህን ወደ ኋላ አድርገህ ከያዝከው አይገለብጥህም። ኩርባ ላይ በደረቅ አቧራ ስትሆን ግን እንዳትነካው። ሌላው ከታች ያለው የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው። ቅጠሉ ሸፍኖት አይታይም፤ ጎማ ሲረግጠው እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይንከባለላል። እኔ ክርኔን የላጥኩት በዚሁ ነው።

አስፋልቱ ላይ ደግሞ ያለኸው አንተ ብቻ አይደለህም። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ዞራ ልታይህ አትችልም፤ ሸክሙ ከጀርባዋ ወዲህና ወዲያ እጅግ ይወጣል፣ ስትደነግጥ ደግሞ ወደ አንተ ነው የሚዞረው። ከሩቅ ድምፅ አሰማ፣ አጠገቧ ስትደርስ በእግር ርምጃ ፍጥነት እለፍ። አህያም እንደዚያው፣ ጎትቶ የሚያቆመው ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ከኋላ ነው ያለው።

ከልደታ፦ የሰፈሬ ጎሚስታ እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ይሞላልኛል፤ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል። አስተነፍሰው?

አዎ። ጎሚስታው ለባጃጅና ለመኪና የለመደ ነው፣ አትቀየመው። 70 ኪሎ ገደማ ከሆንክና ጎማህ ሰፊ ከሆነ ከ28 እስከ 32 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሞክር። በጣም ካስተነፈስከው ድንጋይ ስትመታ ከመነዳሪው እባብ የነከሰው ይመስል ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ እሾህ ነው፣ እንጦጦ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀጋ። ከመነዳሪውን ከመቀየርህ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ጥረገው፣ እሾሁ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ ጣት የሚፈልግ ሰው እሾሁን ያገኘዋል፣ ግን ያለቅሳል።

ከአራት ኪሎ፦ ክረምት ላይስ?

ሐምሌና ነሐሴን አስፋልት ላይ አሳልፋቸው። ቀዩ አፈር ሲርስ ያንሸራትታል፣ የጎማህ ፈር ደግሞ ለጎርፉ ቦይ ይሆንለታል፤ በመስከረም ስትመለስ መንገዱን አታገኘውም። ታች ወደ ዋልካው አገር ከወረድክ ጎማህ ጨርሶ አይዞርም፣ ተሸክመሃት ነው የምትመለሰው።

ከፒያሳ፦ ጅብስ?

ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ከተራራው ውረድ። ከጅቡ ይልቅ እኔን ያስቸገረኝ ውሻ ነው፤ ሲመጣብህ አትሩጥ፣ ውረድና ሳይክሉን በመካከላችሁ አድርገህ ቀስ ብለህ ሂድ።

ከመርካቶ፦ ዳገት ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ካቴናው ይዘላል። ማርሹ ይስተካከል ይሉኛል፣ አስተካክዬ ያው ነው።

ካቴናው ተለጥጦ ይሆናል። የብረት ሜትር ያዝ። የካቴናውን አንድ ፒን (ቀለበቶቹን የሚያያይዘውን ትንሽ ዘንግ) ዜሮ ላይ አድርግና ከእሱ ቀጥሎ 24 ፒን ቁጠር። አዲስ ከሆነ 305 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል፤ 307 ከደረሰ ቀይረው። ብዙ ካቆየኸው ግን የኋላው ጥርስም አብሮ ተበልቶ ሹል ይሆናል፣ ያኔ አዲሱ ካቴና ከአሮጌው ይብስና ይዘላል፤ ሁለቱንም መግዛት ሊኖርብህ ነው። ሜትሩን ከአናጢ ተዋስ እንጂ ከልብስ ሰፊ አይሁን፣ የጨርቁ እሱ ራሱ ይለጠጣል።